የተካልኝ እሑዶች

ጉልበትን ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፍ ከተቻለ ወዲህ ተካልኝ ከስፖርት ቤት ቀርቶ አያውቅም። ባለቤቱ መንበረ ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ አለባት። እሱ ስድስት ቀን ክብደት ሲያነሳ ይሰነብትና እሑድ ጠዋት ያጠራቀመውን ጉልበት ሐኪም ቤት ሄዶ ይሰጣታል። እንዲህ ሲሉ አራት ዓመት አለፈ።

አንድ እሑድ ከሐኪም ቤት ተመልሰው ቁርስ ሲያቀርቡ ተካልኝ የማሩን ክዳን መክፈት አቃተው። መንበረ ተቀብላው አንዴ ጠምዘዝ አድርጋ ከፈተችው።

«ከእንግዲህ ያንተን ጉልበት አልወስድም» አለች።

«ተይ እንጂ መንቡ! ነገ ሠርቼ እተካዋለሁ።»

«እየተካኸው አይደለም። ዱሮ ደረጃውን ደግፈኸኝ ነበር የምንወጣው። ዛሬ የደገፍኩህ እኔ ነኝ።»

«ካልሰጠሁሽ አልጋ ላይ ትውያለሽ።»

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። አሁን ያለኝን ይዤ ራሴ ክብደት ካነሳሁ፣ ቢያንስ ግማሹ አብሮኝ ይቆያል።»

ሰኞ ማለዳ አብረው ስፖርት ቤት ሄዱ። መንበረ ሁለት ኪሎውን ብረት አሥር ጊዜ አነሳች። አሥራ አንደኛው ላይ ክንዷ ተንቀጠቀጠ። ተካልኝ ሊያግዛት እጁን ዘረጋ፤ ዓይኗን ሲያይ ግን መልሶ ሰበሰበው።

ብረቱ ቀስ እያለ ወጣ።