የጫካ ስም

"የልጅቷ የጫካ ስም ማነው?" አለኝ ረዳቱ አውቶብሱ በር ላይ ቆሞ።

"ብርቱካን!" አለች ልጄ ራሷ እየሳቀች። ጠዋት የመረጠችው እሷ ናት።

ጫካ ውስጥ በእውነተኛ ስሙ የተጠራ ሰው ስሙ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በዚያ ስም ሊጠራው አይችልም። ስለዚህ እስክንመለስ ድረስ ብርቱካን ናት። መንገዱን ሁሉ ብርቱካን፣ ብርቱካን እያልኩ አፌን አለማመድኩ።

ከአውቶብሱ ወርደን፣ ገና ጫካው ውስጥ እንዳለን፣ አንድ ወንዝ ጣና ሐይቅ ወደሚገባበት ደረስን። ጫማዬ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ አራግፌ ቀና ስል ልጄ ደንገሉ መሃል ገብታለች። ውሃው ወገቧ ደርሷል፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጋ ትሄዳለች። ጮህኩ። ዞረች። ሮጬ ክንዷን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት።

የጮህኩት ብርቱካን ብዬ አልነበረም።

ጩኸቴን የሰሙት ተጓዦች አውቶብስ ውስጥ ዓይኔን ማየት አልፈለጉም። እርጥብ ሹራቧን ሳወልቅላት አንገትጌው ላይ በቀይ ክር የጠለፍኩት ስሟ የለም፤ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ሹራቤን አገላብጠሽ ታያለሽ" አለችኝ።

ቤት ስንደርስ አባቷ እንደ ልማዱ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። ሁልጊዜ ስሟን ሲጠራ ነው ሮጣ የምትጠመጠምበት። አፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተ። ልጅቷ እስኪጠራት ቆማ ትጠብቃለች።

ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ዘርፌ፣ ምን ብለሽ ነው የጠራሻት?"