ሰዓቱን አንተ ያዝ

«ወደቀ» ትላለች ባለ ፈረቃዋ፣ እኔ እንዳላየሁ።

አይቻለሁ። ፊት ለፊቴ ያለው ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን አጥፍቶ ቀዩን አብርቷል፤ ከግድቡ የሚመጣው የውሃ ከፍታም ከስክሪኑ ጠፍቶ በቦታው ሰረዝ ብቻ ቀርቷል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ይነሳል፣ ይሠራል፣ ደህና ሆነ ብለን ትንፋሽ ስንሰበስብ ይወድቃል።

እስከ ትናንት ድረስ ይህ መቆጣጠሪያ ክፍልና ተራራው ላይ ያለው ግድብ የሚነጋገሩት በተከራየነው የመዳብ ሽቦ መስመር ነበር። ያረጀ፣ የሚያሳፍር፣ ግን የማይወድቅ መስመር። «ዘመኑ የአይፒ፣ የኢንተርኔት መረብ ነው» አሉ። ያሉት ሰዎች ዛሬ እዚህ የሉም፤ እንዲህ ዓይነት ሰዎች እንዲህ ባለ ቀን የትም አይገኙም። መዳቡ ተቆረጠና ሁለት መንትያ ሳጥኖች ተላኩ፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ግድቡ ላይ። የድሮውን ምልክት እየቆራረጡ በመረቡ አሳልፈው ማዶ ላይ መልሰው ይገጥሙታል፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች መስመሩ መቀየሩን እንኳ አያውቁም። ለዚህ ግን ሁለቱ ሳጥኖች በአንድ ሰዓት መምታት አለባቸው፤ አንዱ ሰዓት ሰጪ፣ ሌላው ተከታይ።

«ቁጥሩ ሲጠፋ ውሃው ቀዩን የአደጋ ምልክት ሊነካ ነበር» ትላለች ባለ ፈረቃዋ። «ትእዛዝ ልኬ መሃል ላይ ከሚቋረጥብኝ በሩን በእጅ አስከፍታለሁ።»

በእጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የግድቡ ዘበኛ ጋሽ ብረቱ በሚያንሸራትተው መሰላል ወርዶ፣ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሎ መዘውሩን ያዞራል። አምና አንድ ጎረምሳ ከዚያ መሰላል ወድቆ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ጋሽ ብረቱ ደግሞ ሽማግሌ ነው፤ ብረቱ ያሉትም ለጉልበቱ ሳይሆን እንቢ ካለ ስለማይታጠፍ ነው።

ስልኩን አነሳለሁ። ግድቡ ላይ ያለው ቴክኒሻን የእህቴ ባል ነው።

«አንተ ሰው፣ ገመዱን ትነካካለህ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ! እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የቆምኩት።»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ? ዝናብ ትቆጥራለህ?»

«ያልከኝን ነዋ! ይኸው አሁንም ዘጠኝ ደቂቃ ሊሞላ ሲል ነው የወደቀው። አንድም ጊዜ አላዛነፈም።»

«የምን ዘጠኝ?»

«ሰዓቱ። ጠዋት ሰዓቱን አንተ ያዝ አላልከኝም? በስልኬም በእጅ ሰዓቴም ይዣለሁ፣ እንዳልሳሳት።»

ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ አየዋለሁ። 

ሰዓቱን አንተ ያዝ ያልኩት ያንተ ሳጥን ሰዓት ይስጥ፣ የእኔ ይከተል ማለቴ ነበር። እሱ እንደ ሩጫ ዳኛ ሰዓት ይዞ ቆሟል። የእኔ ሳጥን የእሱን ይጠብቃል፣ የእሱ የእኔን ይጠብቃል፤ በር ላይ ቆመው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሁለት ጨዋዎች፣ ማንም ሳይገባ። በተነሱ ቁጥር ጥቂት ደቂቃ ይገጥማሉ፤ ከዚያ ምታቸው ቀስ እያለ ይዛነፍና መስመሩ ይወድቃል።

«እግዜር ይይልህ! ለውድድር ነው የላክሁህ?»

«ጋሼ፣ ያዝ አልከኝ፣ ያዝኩ። ስጥ ብትለኝ እሰጥ ነበር።»

ልጮህበት አፌን እከፍታለሁ፤ ግን እውነቱን ነው። ለነገሩ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ለሥራው አንድ ደህና ቃል እንኳ ሳያወጡለት ሳጥን በካርቶን አሽገው የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ ይህን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ግን ጊዜ የለኝም።

«የሳጥኑን ቅንብር ክፈት። ሰዓት የሚለው ጋ ‹ከመስመር› ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«‹ከራሱ› አድርገው።»

«አደረግኩ። ጠፍቶ ሊነሳ ነው… ጋሼ! ጋሽ ብረቱ መጠበቅ ሰልችቷቸው ወጥተዋል! መሰላሉ ላይ ናቸው!»

«ሂድ አውርዳቸው!»

«እየወረዱ እኮ ነው!»

«አውጣቸው! አውጣቸው አልኩህ!»

ነፋስ፣ የሚሮጥ እግር፣ ከዚያም ጭቅጭቅ በስልኩ ይሰማኛል።

«ደህና ሆነ ያላችሁኝ ስንት ጊዜ ነው?» ይላል የሽማግሌው ድምፅ። «አልወጣም!»

«በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ አሁንስ በሽታው ተገኝቷል!»

«ልጆቼን ምን አመጣቸው?»

መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ቁጥሩ ይመለሳል፤ ከቀዩ ምልክት በታች አንድ ጣት ቢቀር ነው። ባለ ፈረቃዋ እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እኔ መብራቱን ለአፍታ ብለቀው የሚወድቅ ይመስል ዓይኔን አልነቅልም።

«ዘጠኝ አለፈ» ይላል የእህቴ ባል በሹክሹክታ።

«አሁንም ይዘኸዋል?»

«ለምዶብኝ ነው።»

ሳጥኑ አይወድቅም። እንጠብቃለን። አይወድቅም።

«ጋሽ ብረቱስ?» ትላለች ባለ ፈረቃዋ ወደ ስልኩ አጎንብሳ።

«አጠገቤ ናቸው፤ እየሰደቡኝ ነው።»

ባለ ፈረቃዋ ቁልፉን ትጫነዋለች። ስክሪኑ ላይ «በሩ በመከፈት ላይ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ትከሻዬ ከጠዋት ጀምሮ ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደነበር የማውቀው አሁን፣ ሲወርድ ነው።

መጀመሪያ ከሩቅ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና የሚመስል ድምፅ በስልኩ ይሰማል። ከዚያ ስድቡን ይውጠዋል፣ የእህቴን ባል ሳቅ ይውጠዋል። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ። ባለ ፈረቃዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ዓይኖቿን ትጨፍናለች፤ የውሃው ድምፅ ክፍሉን እስከ ጣሪያው ይሞላዋል።