ማን ይነሣ

ሽማግሌው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲገቡ፣ እንደ ወትሮው ሰዉ ሁሉ «ኖር» ብሎ ተነሣላቸው።

«በእግዜር፤ ተቀመጡ ልጆቼ፤» አሉ።

ከወረዳ የመጣው ሹም ፈገግ አለ። «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥልጣን ወደ እናንተ ወርዷል። በቀበሌያችሁ ጉዳይ ወሳኞቹ እናንተ ናችሁ።»

ሽማግሌው ይህን ቃል ለመስማት ሦስት መንግሥት አሳልፈዋል። «እንግዲያው ከወንዙ እንጀምር።»

«ወንዙማ ለውጭ ኩባንያ ተሰጥቷል። ውሉም ባሕር ማዶ ተፈርሟል።»

«እርሻችንስ?»

«ከወንዙ ጋር አብሮ ሄዷል።»

«ታዲያ የምንወስነው ምን ቀረልን?»

ሹሙ የአባወራዎቹን ስም ዝርዝር አቀበላቸው። «ማን ቀድሞ ከቀዬው እንደሚነሣ ነዋ።»

በማግስቱ ሽማግሌው ዝርዝሩን በብብታቸው ይዘው ወደ አዳራሹ ሲገቡ፣ ከመቀመጫው የተነሣላቸው ሰው አልነበረም።