የኋላው ወንበር

ገዢው መኪናዋ ሥር ገብቶ አየና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። የእስክንድርያ ባሕር ጨው የጥቁሯን መኪና በሮች በልቷቸዋል፤ የቤይ፣ የባለማዕረግ ጌታ፣ መኪና መሆኗ ግን አሁንም ያስታውቅ ነበር።

«ሐጃ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል አዘንብላለች። ባሌስትራዋ ግን ደህና ነው። ምን ከብዷት ነው?»

«አርጅታ ነዋ፣ ልጄ» አለች መበለቲቱ፣ ወደ ኋላው ወንበር ሳታይ። ወፍራሙ ባሏ ሹክሪ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ሾፌር ሲያዝ ኖሮ፣ የሞተውም እዚያው ነበር።

«በሉ፣ ፋቲሃ እንቅራና ሽያጩን እንጨርስ» ብሎ መዳፎቹን ለጸሎት ዘረጋ። እሷም ዘረጋች። እሱ ለሽያጩ ሲቀራ፣ እሷ ግን አፏ እንደለመደው ለሟች ቀራች። «አሚን» ብላ ፊቷን ስታብስ ስህተቷ ገባትና ደነገጠች። ለሟች የሚቀራው ለሄደ ሰው ነው፤ ሹክሪ መቼ ሄደ? ሽያጩንስ ማን ነገረው?

ገዢው ቁልፉን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ አልፋው ሄደችና የኋላውን በር ከፈተች። ወንበሩ ላይ ከሻጋታ በቀር ምንም አልነበረም።

«ሹክሪ፣ ውረድ እንግዲህ!» አለች፣ ሚስት ባሏን በሰው ፊት ስትቆጣ እንደምታደርገው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተሸጣለች። ሰው አታስጠብቅ።»

ገዢው ሊስቅ አፉን ከፈተ። መኪናዋ ሲጥጥ አለችና ያዘነበለው ጎኗ ቀስ ብሎ ተቃና። ሴትዮዋ ገለል ብላ መንገድ ለቀቀች፤ ገዢውም ሳያስበው ገለል አለ።