ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ

አስካለ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ እባብ አየችና ሮጣ ወጥታ ልጇ ወደምትሠራበት የእባብና የእንቁራሪት ተንከባካቢዎች ማኅበር ደወለች። ብዙም ሳይቆይ ሰፊ ቱታ የለበሰ ሰው በሞተር መጣ። ሄልሜቱን ሳያወልቅ፣ ወፍራም ጓንቱን አጥልቆ ዝም ብሎ ወደ ማድ ቤቱ ገባ።

«ተጠንቀቅ ወንድሜ» አለች አስካለ ከደጅ ሆና። «ለመሆኑ እናትህ ይህን ሥራህን ታውቃለች? የእኔ ልጅ እናንተ ጋ ስልክ ብቻ ነው የምታነሳው። እባብ ነካች ቢሉኝ በድንጋጤ ነው የምሞተው። አደራህን፣ እንዳታስጠጓት።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እባቡን እንደ ሕፃን አባብሎ ከረጢት ውስጥ ከተተና የከረጢቱን አፍ አሰረ።

አስካለ እፎይ አለች። «ተባረክ፤ ለእናትህ ያቆይህ።»

ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ዞር አለ፤ ከሄልሜቱ ሥር የሴት ድምፅ ወጣ።

«እማዬ፣ ምሳዬን አስቀምጪልኝ።»