ስህተት ለቃሚው

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሁንዴ ያን ልብስ ሰፊ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ሰውየው ፊልም ለማየት ሳይሆን የፊልም ስህተት ለመልቀም የሚመጣ ይመስላል። ቻይንኛውን ለተመልካቹ ጮክ ብሎ የሚተረጉመው ሁንዴ ራሱ ስለሆነ፣ ስህተት በተገኘ ቁጥር የሚሳቀው በእሱ ነው። በዚህ ከቀጠለ ደንበኛው ሁሉ ማዶ ወዳለው ቪዲዮ ቤት መሻገሩ አይቀርም።

የዚያን እሑድ ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ልብስ ሰፊው ብድግ አለ።

«ሁንዴ፣ አክተሩን ማን መታው? ገና ሳይደባደብ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል!»

«እቤቱ ወድቆ ነው። ቁጭ በል!»

«የመኪናውን መስታወትስ ማን ሰበረው?»

«አንተ መርፌህን ቁጠር! የስንቱን ሱሪ አጣመህ ሰፍተህ የሰው ፊልም ታርማለህ?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ልብ የሰጠው ሁንዴ ሰውየውን በኮሌታው ጎትቶ አስወጣውና፣ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!» ብሎ በሩን ዘጋበት።

በመጨረሻ የወንበዴዎቹ አለቃ ከፎቅ ተወርውሮ ሞተ። ተመልካቹ አጨበጨበ። ሁንዴም ቀሪውን ሲዲ ሊያስገባ ማጫወቻውን ከፈተ። የወጣው ሲዲ ላይ በገዛ እጁ ጽሑፍ «ክፍል 2» ይላል። ለካ ፊልሙን ከኋላው ጀምሮታል።

ከኋላ ፉጨቱ በረታ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው «ክፍል 1»ን አስገባ። ሟቹ አለቃ ሲጋራውን እያጨሰ ብቅ አለ።

ሁንዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ መንትያ ወንድሙ ነው» ብሎ ተረጎመ።