የታሰረው እስክሪብቶ

የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ የነርሶችን ጋውን እያጠፈች ሳለ የመዝገብ ቤቱ አቶ ደምሰው መዝገብ ታቅፈው መጡ። በመዝገቡ ላይ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ ይወዛወዛል።

«የወረርሽኙ ማስታወቂያ ነው። አንብበሽ ፈርሚ።»

አነበበች። በዚህ የብርድ ወቅት ሠራተኞች እንዳይጠጋጉና ዕቃ እንዳይዋዋሱ ያሳስባል።

«በዚሁ እስክሪብቶ?»

«ሠላሳ ስድስት ሰው ፈርሞበታል። አንቺን ምን ያደርግሻል?» አሉና አስነጠሳቸው።

ልብስ ላይ ምልክት የምታደርግበትን ቀይ እስክሪብቶ ከኪሷ አወጣች።

«በቀይ አይፈረምም። ካልፈረምሽ ደግሞ መረጃ አልደረሰሽም ማለት ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ እንዳለብሽ አትርሺ፤ በሦስተኛው ትባረሪያለሽ።»

«ሁለቱም እኮ ጓንት ስጡኝ ብዬ ነው።»

«እሱን ለኃላፊው ንገሪ።»

«እንግዲያው አልደረሳትም በሉ፣ ጋሼ» ብላ ወደ ጋውኗ ተመለሰች።

በሳምንቱ ኃላፊው ከቤታቸው ደወሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

«አቶ ደምሰውን አቅርቢልኝ።»

«ታመው ተኝተዋል።»

«ሌላ ሰውስ?»

«የፈረሙት በሙሉ ተኝተዋል፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ያልፈረምኩት።»

ረዘም አድርገው ሳሉ።

«ጥሩ። ሳልታመም የጻፍኩት ሦስተኛው ማስጠንቀቂያሽ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሌላ ሰው ስለሌለ፣ መድረሱን ፈርሚበትና ፋይልሽ ውስጥ አስገቢልኝ።»

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። በቀዩ እስክሪብቶ ፈረመችበት፤ ፋይሏ ውስጥ አስገብታ መሳቢያውን ዘጋች።